ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች

የመረብ ኳሷ በቫሊሲና በሎሳ መካከል ስትወርድ ሎሳ «የኔ» ብላ ጮኸች። ቫሊሲ ሰምታታለች። ግን ኳሷ ለእሷ እጅ የምትቀርብ ስለመሰላት ዝም ብላ ተወረወረች። ግንባርና ጉንጭ ተጋጨ፤ ኳሷም ማንም ሳይነካት አሸዋው ላይ ነጥራ ወደ አሳማዎቹ በረት ተንከባለለች።

ፊሽካ ተነፋ።

«ቫሊሲ፣ ውጪ» አለ አሰልጣኙ። ከዚያ ወደ ሎሳ ዞሮ ተጎድታ እንደሆነ ጠየቃት።

«እሷን ይጠይቋት ኮች፣ የኔ ጭንቅላት ድንጋይ ነው።»

ልጃገረዶቹ ሳቁ። ቫሊሲ አሸዋውን ከጉልበቷ አራግፋ ወጣችና ለተቀያሪዎች መቀመጫ የተጋደመው የኮኮናት ግንድ ላይ ተቀመጠች። ጉንጯ ይግላል። ከሁሉም በቁመት የምትበልጠው እሷ ናት። ኳስ ስትመታ ከመረቡ ወዲያ ያሉት ፊታቸውን በእጃቸው ይከልላሉ። ሆኖም በዚያ ሳምንት ከሜዳው ይልቅ ግንዱን ለምዳው ነበር። ያወጣት ሌላ ሰው ቢሆን ምናልባት ይህን ያህል ባላንገበገባት፤ አሰልጣኙ ግን አባቷ ነው።

አፒኔሉ ልጁ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ መርከበኛ ነበር። ከአንዱ የጭነት መርከብ ወደ ሌላው ሲዛወር ቆይቶ በመጨረሻ የመርከበኞች አለቃ ሆነ። በደሴቲቱ ላይ ብዙ ልጆች አባታቸውን የሚያውቁት እንዲህ ነው፤ የስልክ ድምፅ ነው፣ በካርቶን የሚላክ ጫማ ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ለእረፍት መጥቶ ግቢውን በሳቁ የሚሞላና ልጆቹ ሳይለምዱት የሚሄድ ትልቅ ሰው ነው። የቫሊሲ እናት የሞተችው ልጇ ገና ሕፃን ሳለች ስለሆነ፣ ያሳደገቻት የአባቷ ታላቅ እህት ቴይማና ናት።

ከዚያ አንድ ዓመት አፒኔሉ ባሕሩን ተወ። ማንንም ሳያማክር ፊጂ ላይ ከመርከቡ ወርዶ የመምህራን ኮሌጅ ገባ። ልጆቹ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጎን ተቀምጦ፣ «አያታችን» እየተባለ፣ የሚያመውን ጉልበቱን አስሮ እየሮጠ የስፖርት መምህርነት ተማረ። ወደ ደሴቲቱ ሲመለስ የያዘው አንድ ሻንጣና አንድ ከረጢት ኳስ ብቻ ነበር። መንደርተኛው አልማረውም። በመንገድ ባለፈ ቁጥር «ካፒቴን፣ መርከብህስ የት አለ?» ይሉታል። እሱም ሳይቆም «ወደቡ ላይ አስሬዋለሁ፣ ዝገቱን እየፈገፈጋችሁ ጠብቁኝ» ብሎ ያልፋል።

ቫሊሲ «መምህር» ትለዋለች፤ ቤትም፣ ትምህርት ቤትም። መጀመሪያ በቀልድ ነበር የጀመረችው፤ ከዚያ ቀልዱ ጠፋና ስሙ ቀረ። እሱም አንድ ቀን እንኳ ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

የዚያን ቀን ማምሻውን አፒኔሉ ለእራት መጥቶ በቴይማና ቤት ሰሌኑ ላይ ተቀምጠው ዓሣና የረግረግ ጎደሬ ሲበሉ አክስቷ የተለመደውን ነገር አነሳች። የመርከብ ወኪሉ እንደገና ደውሏል። አለቃ የሚፈልግ መርከብ አለ። በእሱ ዕድሜ ያሉ ወንዶች ተለማምጠው የማያገኙትን ሥራ እሱ ቁጭ ብሎ ይገፋል። ለመሆኑ ሴት ልጅ ኳስ እንዴት እንደምትወረውር ለማሳየት ይህ ሁሉ ኮሌጅ ምን ያደርጋል? አፒኔሉ ዓሣውን ከእሾሁ እየለየ እስክትጨርስ ጠበቀ።

«ሃያ ዓመት የሰው ብረት እንዳይዝግ ቀለም ስቀባ ኖርኩ እህቴ» አለ። «ብረቱም ዛገ፣ እኔም ዛግሁ። አሁን የምሠራውን መርጫለሁ።»

«ስትመርጥ እኛን አልጠየቅኸንም።»

«ብጠይቃችሁ እምቢ ትሉኝ ነበር።»

ቫሊሲ አንገቷን አቀረቀረች። መልሱ ደስ ብሏት ነበር፤ ደስ ስላላት ደግሞ ተናደደች።

በደሴቲቱ ላይ እያንዳንዱ ሰው ወይ የላይኛው ወገን ነው ወይ የታችኛው። ልጅ የአባቱን ወገን ይዞ ይወለዳል፣ ይዞት ያረጃል። በዘፈንም፣ በዓሣ ማስገርም፣ በበዓል ድግስም ሁለቱ ወገኖች ይፎካከራሉ፤ የተሸነፈው ለወራት ይፎገራል። ደሴቲቱ አንድ ሆና ከሌላ ደሴት ጋር ስትጋጠም ግን ቡድኑ ሁልጊዜ እኩል ለእኩል ነው። ስድስት ተጫዋች ከሆነ ሦስት ከላይ፣ ሦስት ከታች። ይህ የተጻፈ ነገር አይደለም። መጻፍ አስፈልጎት ስለማያውቅ ነው።

ቅዳሜ የጎረቤት ደሴት ልጃገረዶች በመርከብ ይመጣሉ። ያሸነፈው ትምህርት ቤት ለነፃነት በዓል ውድድር ዋና ከተማ ይሄዳል። አፒኔሉ የመረጣቸውን ስድስት ልጆች በክፍል ውስጥ ስም እየጠራ ተናገረ። አራቱ ከታችኛው ወገን ናቸው፤ ሁለቱ ብቻ ከላይኛው። እሱ ራሱ የላይኛው ወገን ሰው ነው፤ ልጁን ደግሞ ተቀያሪ አድርጓታል።

ወሬው ትምህርት ሳያልቅ መንደሩን ዞሮ ጨረሰ። ሽማግሌዎቹ አፒኔሉን ወደ አዳራሹ አስጠሩት። አክስት ቴይማና ከሴቶቹ ጋር በስተኋላ ተቀምጣ ሁሉንም ስለሰማች፣ ለቅዳሜ የአበባ ጉንጉን እየሠራች ለቫሊሲ ነገረቻት። የላይኛው ወገን አንጋፋ ሽማግሌ በጨዋ ቋንቋ፣ ሳይቆጡ፣ ይህ ልጃችን ብዙ ዘመን ከአገር ርቆ ስለቆየ ሥርዓቱን ረስቶት ይሆናል ብለው ጀመሩ። አፒኔሉ እግሩን አጣጥፎ እንደተቀመጠ፣ አልረሳሁም አለ። ስድስቱን የመረጥኳቸው ኳሷን ስለሚያውቋት ነው፤ ኳሷ ደግሞ ወገን የላትም አለ። ከዚያ አንደኛው ሽማግሌ «ባሕር ሰውን እንዲህ ያደርገዋል» ሲሉ ሁሉም ሳቁ፤ የታችኛው ወገን ሰዎችም ሳይቀሩ። ሥርዓቱ የእነሱም ነውና።

ውሳኔው ቀላል ነበር። የታችኛው ወገን የሆነችው ሎሳ ትወጣለች፤ ቫሊሲ ትገባለች። ቅዳሜ ስም የሚጠራው አሰልጣኙ ሳይሆን ርዕሰ መምህሩ ነው።

«አንቺ ምንም መናገር የለብሽም» አለቻት አክስቷ፣ ጉንጉኑን በቫሊሲ ራስ ላይ እየለካች። «ስምሽ ሲጠራ ዝም ብለሽ መግባት ነው። አባትሽ ቢኮሳተር አትዪው። እሱ እንግዳ ነው፤ አንቺ የእኛ ነሽ።»

ቫሊሲ ደስ አላት። ግን ይህ ደስታ ለሎሳ ልታሳያት የምትችለው ዓይነት አልነበረም።

አባቷን ያገኘችው ሜዳው ላይ ነው። የተበጠሰውን መረብ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠግናል። ጣቶቹ ሳያያቸው ክሩን አዙረው ያስገባሉ፣ ይስባሉ፣ ያጠብቃሉ። ቫሊሲ ፊት ለፊቱ ቆመች። ከየት እንደምትጀምር በመንገድ ስታሰላስል ነበር የመጣችው፤ ስትደርስ ግን ያሰበችው ሁሉ ጠፋባት።

«ለምንድን ነው ያወጣኸኝ?»

«ስለማትናገሪ» አለ። እጁ ሥራውን አላቆመም። «ኳስ ስትመጣ ዝም ትያለሽ። አጠገብሽ ያለችው ትግባ አትግባ አታውቅም። መርከብ ላይ ገመድ ሲወጠር አፉን የሚዘጋ ሰው ከእኔ ጋር አይሠራም ነበር። አንዱ ዝም ባለ ቁጥር የሚቆረጠው የሌላው ጣት ነው።»

በአክስቷ ቤት «የኔ» የሚል ቃል ጮክ ተብሎ አይነገርም። ዓሣ ሲቀርብ እስኪሰጥሽ ትጠብቂያለሽ። የራስሽን ፎጣ እንኳ ሌላ ሰው ይዞት ብታገኚ እስኪጨርስ ትቆሚያለሽ። ይህ በደሴቲቱ ላይ ጥሩ አስተዳደግ ነው። ሎሳ ከወንድሞቿ ጋር እየተሻማች ስላደገች ድምፅዋ የሞተር ጀልባ ያስንቃል፤ ሰዎችም «አፏ አልተገራም» ይሏታል።

«ይህን ነግረኸኝ አታውቅም» አለች።

«የምታውቂው መስሎኝ።»

«እንዴት ብዬ ነው የማውቀው? አንተ ነህ ውጪ ብለህ ፊሽካ የምትነፋው።» ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ከፍ አለ፤ አሳማዎቹ በረታቸው ውስጥ ተንቀሳቀሱ። «የመርከቡን ገመድ ሁሉ በስሙ ታውቃለህ አባዬ። እኔ የትኛው ክፍል እንደምማር ግን ርዕሰ መምህሩን ጠይቀህ ነው ያወቅኸው። ነግረውኛል።»

የአፒኔሉ ጣቶች ቆሙ። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢጠይቃት ምን እንደምትመልስለት አታውቅም ነበር።

«እውነት ነው» አለ በመጨረሻ። ቀጥሎም፣ «አሁን የጮህሽው ጥሩ ነው። ነገም እንደዚያ ጩኺ።»

ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ሳትስቅ ዞራ ሄደች።

በማግሥቱ ልምምድ ላይ ጮኸች። ለመጣችው ኳስ ሁሉ ጮኸች፤ ለራሷም፣ ለሌላውም፣ ወደ ውጪ ለምትወጣውም። መጀመሪያ ድምፅዋ እንደ ጎረምሳ ዶሮ ተሰነጠቀ። ጆሮዋ እስኪቀላ አፈረች፤ ግን አላቆመችም። ሎሳ በሳቅ ሆዷን ይዛ ተቀመጠች።

«ቫሊሲ፣ በእናትሽ፣ ለእኛም አንዲት ተዪልን።»

አባቷ አልሳቀም። የቷ ኳስ የማን እንደሆነች ትከሻዋን ይዞ እያሳያት፣ ደጋግሞ ወረወረላት። ወደ መጨረሻው ላይ ቫሊሲ ጠርታ ዘለለች፣ ሎሳም በሰማችው ድምፅ ገለል አለች፤ ኳሷ ከመረቡ ወዲያ አሸዋውን ቦርቡራ ገባች። ጥሩ ስሜት ነበረው። ሆኖም ልምምዱ ሲያልቅ አባቷ ቅዳሜ የምትጀምረው ሎሳ እንደሆነች፣ ቫሊሲ ግን ካስፈለገች እንደምትገባ ነገራቸው፤ አዳራሹ ምንም እንዳልወሰነ ሁሉ። አንድ ቀን ጮኸሽ አትጨርሺም ማለቱ እንደሆነ ለቫሊሲ ገብቷታል። መግባቱ አላስደሰታትም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሎሳ አብራት ሄደች። ለካ ቀልዱ ሜዳው ላይ ቀርቷል።

«ቦታዬን እንደሰጡሽ ሰምቻለሁ» አለች። «እናቴ አለቀሰች። እኔ አላለቀስኩም።»

«እኔ አልጠየቅኳቸውም።»

«እምቢም አላልሽም።»

ሎሳ መልስ ሳትጠብቅ በአቋራጩ ወደ ቤቷ ታጥፋ ሄደች።

ቅዳሜ መርከቧ በደሴቲቱ ዙሪያ ካለው የኮራል አለት ውጪ ቆመች፤ እንግዶቹን በትናንሽ ጀልባዎች አወጧቸው። ሜዳው ዙሪያ ሰሌን ተነጥፏል። የላይኛው ወገን በአንድ በኩል፣ የታችኛው በሌላው በኩል ተቀምጧል፤ ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ፣ ሴቶቹ ከፊት። አክስት ቴይማና አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ለጭብጨባ የምትደበድበውን የእንጨት ሣጥን ከፊቷ አስቀምጣለች። ቫሊሲን ስታያት በሁለት እጇ ሣጥኑን መታችላት።

ርዕሰ መምህሩ እንግዶቹን አመስግነው፣ ጸሎት አስደርገው፣ ስድስቱን ስም በቃላቸው ጠሩ። ሎሳ የለችበትም። የመጨረሻው ስም «ቫሊሲ አፒኔሉ» ነበር። ሣጥኑ ተደበደበ።

አፒኔሉ ቀስ ብሎ ተነሣ። ፊሽካውን ከአንገቱ አወጣና በርዕሰ መምህሩ እጅ ላይ አስቀመጠው።

«ቡድኑን የመረጠ ያሠልጥነው» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን የሁለቱም ወገን ሰው ሰማው። ከዚያ ሄዶ ግንዱ ላይ ከሎሳ ጎን ተቀመጠ። ከላይኛው ወገን አንድ ሰው «እንግዲህ ወደ መርከብህ ተመለስ» አለው። የሳቁ ጥቂቶች ነበሩ።

ቫሊሲ ሜዳው ውስጥ ቆማለች። የተሰጣት ቦታ እግሯ ሥር ነው፤ የምትፈልገው ቦታ። ከመረቡ ወዲያ የእንግዶቹ አቀባይ በቁመት ትለካታለች። አክስቷ ፈገግ እያለች ነው። ቫሊሲ ያቺ ሴት በሕይወቷ ምን እንዳደረገችላት ታውቃለች። ትኩሳት ሲይዛት ያቀፈቻት እሷ ናት፣ ፀጉሯን ያበጠረችላት እሷ ናት። አባቷ ደግሞ ስልክ ነበር። ዛሬ እዚህ ብትጫወት ማንም በእሷ አይፈርድም። ብታሸንፍ ስሟን ያነሱታል። ደግሞ አባቷ ግንዱ ላይ ሆኖ ያያታል፤ ያ ብቻውን ስንት ቀን የተመኘችው ነገር ነው።

ወደ ግንዱ ዞር ብላ አየች። አባቷ እሷን አያይም፤ መሬት መሬት ያያል። የምታያት ሎሳ ናት። አላለቀሰችም። ፀጉሯን እያሰረች፣ ዓይኗን ሳትነቅል፣ በክፉም በደግም ሳይሆን ዝም ብላ ታያታለች።

እምቢም አላልሽም።

ቫሊሲ ከመስመሩ ወጣች። እግሯ ከብዷት ነበር፤ ስትራመድ ግን ቀለላት። ርዕሰ መምህሩ ፊት ስትደርስ እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች።

«መምህር፣ እኔ ተቀያሪ ነኝ» አለች።

እሳቸው ዝቅ ባለ ድምፅ ወደ ቦታሽ ተመለሺ አሏት። እንግዶች እያዩ እንደሆነ አስታወሷት። ቫሊሲ ያንኑ ደገመችላቸው፤ በዚህኛው ጊዜ ሰሌኑ ላይ ያሉትም እንዲሰሙት አድርጋ። ከዚያ ሄዳ ግንዱ ላይ ተቀመጠች።

ሜዳው ላይ አምስት ልጃገረዶች ቀሩ። ከእንግዶቹ ጋር የመጣው ዳኛ ቆጠራቸው፤ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩን አየ። ርዕሰ መምህሩ ሽማግሌዎቹን አዩ። በአምስት ሰው ጨዋታ አይጀመርም። ስድስተኛ ካልገባች እንግዶቹ ሳይጫወቱ አሸንፈው ይሄዳሉ፤ ወሬውም አብሯቸው በመርከብ ይሄዳል። አንጋፋው ሽማግሌ በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ባሕሩ ተመለከቱ። አዎም አላሉ፣ አይሆንምም አላሉ።

አክስት ቴይማና ግን ተነሣች። ሰው አቋርጣ መጥታ ከቫሊሲ ፊት ቆመች። ስትናገር ሌላ ሰው እንዳይሰማት ጎንበስ አለች።

«ቤቴ አትምጪ» አለች። «የአባትሽ ልጅ ከሆንሽ አባትሽ ያሳድርሽ።»

ቫሊሲ ቀና ብላ አየቻት።

«እሺ አክስቴ» አለች። ከግንዱ ግን አልተነሣችም።

አክስቷ ሌላ ቃል የምትጠብቅ ይመስል ትንሽ ቆማ ተመለሰች። ሣጥኗን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች።

ያን ጊዜ ሎሳ ተነሣች። ማንም አልጠራትም። ሽማግሌውን አላየች፣ ርዕሰ መምህሩንም አላየች፤ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ አሰረችና በአምስቱ መካከል የተከፈተው ቦታ ላይ ገብታ ቆመች። ከሁለቱም ወገን ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም ደግሞ ውጪ አላላትም። ዳኛው አንዴ እንደገና ቆጠረ። ስድስት ናቸው። ጨዋታው ተጀመረ።

አፒኔሉ ፊሽካው ከእጁ ስለወጣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ያጣ ይመስላል። ወደ ልጁ ሳይዞር «ይህን አልጠየቅኩሽም» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። «ለአንተም አይደለም ያደረግኩት።»

እሱ አንገቱን ነቀነቀ።

የመጀመሪያዎቹን ነጥቦች እንግዶቹ ወሰዱ። ፀሐዩ ከኮኮናቶቹ በላይ ወጥቶ አሸዋው ይፋጅ ጀመር። ቫሊሲ ማታ የት እንደምታድር፣ ልብሷን ማን እንደሚያመጣላት አሰበች። አባቷ የሚተኛው ከትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ነው፤ ሌላ ሰው ትያዝ አትያዝ አታውቅም። ከሰሌኖቹ በኩል አክስቷ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች፤ የላይኛው ወገን ሴቶች ግን ሁሉም ቫሊሲን ያያሉ።

ቫሊሲ ተነሣች። ማንም ሳያዛት፣ ሁሉም በሚያያት በኩል፣ ከግንዱ ኋላ ባለው ባዶ አሸዋ ላይ እየሮጠች እየተመለሰች ሰውነቷን ማሟሟቅ ጀመረች።